ልክ ያለው ውጣ ውረድ

ኃይሌ ገብረሥላሴ ልጅ ሳለ ከአሰላ አቅራቢያ ካለው የወላጆቹ የገበሬ ቤት ተነስቶ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ከትምህርት በኋላም ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር ይመለሳል። ደብተሩን የሚይዘው በግራ ክንዱ ነበር። ዓለም ካወቀው በኋላ እንኳ፣ በዙሪክና በኦስሎ ስታዲየሞች ሲፈተለክ፣ ግራ ክንዱ ደብተር ያቀፈ ይመስል ታጥፎ ይታይ ነበር።

ልጁ ማታ የሚገኘው ጠዋት ከወጣበት ደጃፍ ላይ ነው። ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ታስሮለት ቢሆንና የቀኑ መነሻና መድረሻ ብቻ ቢነበብ ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል፤ ሙሉ ቀን ከቤት ያልወጣ ልጅና 20 ኪሎ ሜትር የሮጠ ልጅ በዚህ ንባብ አይለዩም። የሚለያቸው በመካከሉ ያለው ነው፦ የወጣው ዳገት ሁሉና የወረደው ቁልቁለት ሁሉ እርስ በርስ ሳይጣፉ ሲደመሩ። አማርኛ ለዚህ ድምር ጥሩ ስም አለው፤ ውጣ ውረድ።

የሒሳብ ሰዎች ይህንን ድምር በወግ የያዙት በ1881 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓት በመቶኛ ሰከንድ እየተመነዘረ ሳለ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት መሸከም ለአንባቢም ለጸሐፊም አይመችም።) ካሚል ዦርዳን የተባለው የሊዮን ተወላጅ ስለ ዳገት እያሰበ አልነበረም። ያስጨነቀው አንድን ጠመዝማዛ መስመር በሞገዶች ድምር መልሶ መሥራት ይቻል እንደሆነ ነበር፤ የሒሳብ ሊቁ ፉሪየር የጀመረው ጥያቄ ነው። ጀርመናዊው ዲሪክሌ በ1829 በከፊል መልሶት ነበር፦ መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው በቁጥር የተወሰነ ጊዜ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ዦርዳን መታጠፊያዎቹን መቁጠር ትቶ ድምሩን ጠየቀ። መስመሩ የፈለገውን ያህል ይታጠፍ፣ ማብቂያ በሌለው ብዛት እንኳ፤ ጠቅላላው መውጣትና መውረድ ከአንድ ልክ ካላለፈ የዲሪክሌ ውጤት ይሠራል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን «ባውንድድ ቬሪየሽን» የሚሉት ይህንኑ ነው። በአማርኛ ልክ ያለው ውጣ ውረድ ቢባል የሚከፋ አይመስልም።

ከአዳማ ወደ አሰላ የተጓዘ ሰው ሐሳቡን በወንበሩ ላይ ሆኖ ቀምሶታል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ መጀመሪያ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ መልካሳ 1,550 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በዴራ፣ በኢተያና በቁሉምሳ አድርጎ እየወጣ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ አሰላ ይደርሳል፤ ጭላሎ ተራራ በስተምሥራቅ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀበላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልዩነት 730 ሜትር ነው። መኪናው ግን 150 ሜትር ወርዶ 880 ሜትር ወጥቷል፤ ውጣ ውረዱ 1,030 ሜትር መሆኑ ነው። የዦርዳን ግኝት ልቡ እዚህ ላይ ነው፦ ልክ ያለው ውጣ ውረድ ያለው መስመር ሁሉ፣ ምንም ቢጠማዘዝ፣ ሁለት የማያፈገፍጉ መስመሮች ልዩነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። አንዱ ኪስ ዳገቱን ብቻ ያጠራቅማል፣ ሌላው ቁልቁለቱን ብቻ፤ ሁለቱም ኪሶች ሲሞሉ እንጂ ሲጎድሉ አይታዩም። እንዲህ ያለውን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ መስመር «ሞኖቶኒክ» ይሉታል። 880 ሲቀነስ 150፣ 730።

እርግጥ 1,030 ሜትር «ቢያንስ» ነው። በሦስት ከተሞች ላይ ብቻ የተለካ መንገድ በመካከል ያሉትን ጉድባዎችና ጉብታዎች ይዘላል፤ የመለኪያ ነጥብ በተጨመረ ቁጥር ድምሩ ያድጋል፣ ወይም ባለበት ይቆያል፣ ከቶ አይቀንስም። የዛሬ ሯጮች የእጅ ሰዓታቸው ላይ የሚጣሉት በዚሁ ነው። አንድ ዳገት አብረው የወጡ ሁለት ሰዎች ሰዓቶቻቸው የተለያየ የዳገት ድምር ያሳያሉ፤ የመሣሪያው ጥቃቅን መንቀጥቀጥ እያንዳንዱ እንደ ጉብታ ስለሚቆጠር፣ ሜዳ ላይ የሮጠ ሰው በወረቀት ላይ ተራራ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው አምራቾቹ ንባቡን አስቀድመው የሚያለሰልሱት።

ልክ የሌለው ውጣ ውረድም አለ። የመጀመሪያው ጉብታ አንድ ሜትር፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶ፣ አራተኛው ሩብ፣ እንዲህ እያለ ማብቂያ በሌለው ብዛት በአንድ አጭር መንገድ ላይ የተደረደረ ይሁን። ጉብታዎቹ እያነሱ ከጉንዳን ኮቴ ይጠባሉ፣ ድምራቸው ግን የትኛውንም ቁጥር ያልፋል። አንድ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ በየጊዜው እየተገመሰ ቢሄድ ኖሮ ከሁለት ሜትር ባላለፈ ነበር። ሁለቱን መንገዶች ዓይን ላይለያቸው ይችላል።

አሰላ የምትገኝበትን የአርሲን ሯጮች ታሪክ ለውጭ ሰው የሚነግረው ግን ውጣ ውረዱ አይደለም። የሚነግረው ክብረ ወሰን ነው፤ ቃሉ ራሱ «ወሰን»ን ይዟል፣ ሒሳቡም የሚፈልገው እሱኑ ነው። የዓለም ክብረ ወሰን ማለት እስከዚያ ቀን ድረስ ከተሮጡት ሰዓቶች ሁሉ ትንሹ ነው። ሯጮች በየዓመቱ ሊፈጥኑም ሊዘገዩም ይችላሉ፤ «እስካሁን ትንሹ» ግን ወይ ይወርዳል ወይ ባለበት ይቆያል። (በአበረታች መድኃኒት ምክንያት የተሰረዘ ሰዓት ካለ ደረጃው ይታደሳል፤ ያ የሒሳብ ሳይሆን የዳኛ ጉዳይ ነው።) ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሚታየው ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ደረጃ ነው፤ ለ22 ዓመታት የደረጃው ጫፍ በሁለት የአርሲ ልጆች፣ በኃይሌና በቀነኒሳ በቀለ፣ እጅ ነበር።

የ5,000 ሜትሩ ደረጃ እንዲህ ይጀምር። ሞሮኳዊው ሰዒድ አዊታ በጁላይ 1987 ሮም ላይ 12:58.39 ሮጦ ነበር። ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ምንም አልተነቃነቀም። በሞስኮ ኦሊምፒክ፣ በ1980፣ የምሩጽ ይፍጠርን ድርብ ድል በሬዲዮ ሲሰማ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ኃይሌ፣ ጁን 4 ቀን 1994 በኔዘርላንድሷ ሄንግሎ 12:56.96 ገባ። የመጀመሪያ ክብረ ወሰኑ ነበር። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች «ማይክሮ ሰከንድ» ይሏቸዋል፤ መቶኛ ሰከንድ ናቸው፣ ማይክሮ የሚባለው ሚሊዮንኛው ነው። ልማዱ ግን ከሰደደ ቆይቷል።

በ1995 ጁን 5 ኃይሌ ሄንግሎ ላይ የኬንያዊውን የዊልያም ሲጌን የ10,000 ሜትር ሰዓት ከ26:52.23 ወደ 26:43.53 አወረደው። በሦስተኛው ቀን ሌላው ኬንያዊ ሞሰስ ኪፕታኑይ ሮም ላይ 5,000 ሜትሩን በ12:55.30 ወሰደበት። የኃይሌ መልስ ኦገስት 16 ዙሪክ ላይ መጣ፤ 12:44.39። አንድ ሰው በአንድ ምሽት 10.91 ሰከንድ ቆረጠ። ከአዊታ እስከ ቀነኒሳ በቀለ ድረስ የተወረደው ጠቅላላ 21.04 ሰከንድ ስለሆነ፣ ከግማሹ በላይ ያለው በዚያች አንድ ምሽት ነው የወረደው።

ከዚያ 1997 መጣ። ኃይሌ ጁላይ 4 ኦስሎ ላይ 10,000 ሜትሩን 26:31.32፣ ኦገስት 13 ዙሪክ ላይ 5,000 ሜትሩን 12:41.86 አደረሰ። ሁለቱም በእጁ ነበሩ፤ ዘጠኝ ቀን። ኦገስት 22 በብራስልስ በአንድ ምሽት ሁለቱንም ኬንያውያን ወሰዷቸው፤ ዳንኤል ኮመን 12:39.74፣ ፖል ቴርጋት 26:27.85። የአሰላ ሰው የዚያን ምሽት ውጤት በምን ስሜት እንደሰማው መገመት አያዳግትም። ክረምቱ አልፎ በ1998 ጁን 1 ሄንግሎ፣ ጁን 13 ሄልሲንኪ፦ 26:22.75 እና 12:39.36። በ12 ቀን ውስጥ ሁለቱም ተመለሱ። የሁለተኛው ብልጫ 0.38 ሰከንድ ነበር፤ ከደረጃው ሁሉ ቀጭኑ እርከን። ምናልባት ከዙሪኩ ይልቅ ስለ ኃይሌ ጠባይ የሚናገረው ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም።

ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ ሳጉሬን አልፎ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው በቆጂ ተረኛ ሆነች። ቀነኒሳ 22 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሜይ 31 ቀን 2004፣ ሄንግሎ ላይ 12:37.35 ሮጠ። በስምንተኛው ቀን ቼክ ሪፐብሊክ ኦስትራቫ ላይ 26:20.31። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት 26 ብራስልስ ላይ ያንኑ ወደ 26:17.53 አወረደው።

እርከኖቹን የሚደምር ሰው ደስ የሚል ነገር ያገኛል። ከአዊታ ሰዓት እስከ ቀነኒሳ ሰዓት በተወረደው 21.04 ሰከንድ ውስጥ የኃይሌና የቀነኒሳ ድርሻ 17.26 ነው፤ ቀሪው 3.78 የኪፕታኑይና የኮመን። በ10,000 ሜትር ከሲጌ ሰዓት ጀምሮ 34.70 ሰከንድ ወርዷል፤ 25.78ቱ የአርሲ ነው፣ 8.92ቱ የሞሮኳዊው ሳላህ ሂሱና የቴርጋት። ድርሻ ማካፈል የሚቻለው ደረጃው ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚሄድ ነው። ወደ ላይ የሚመለስ እርከን ቢኖር ኖሮ የእርከኖቹ ድምር ከጠቅላላው መውረድ ይበልጥ ነበር፣ «ድርሻ» የሚለው ቃልም ትርጉሙን ያጣ ነበር። ለሞኖቶኒክ መስመር ብቻ ነው ውጣ ውረዱና የጫፎቹ ልዩነት እኩል የሚሆኑት።

ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ኦገስት 14 ቀን 2020 ሞናኮ ላይ 12:35.36 እስኪሮጥ ድረስ፣ ከአዊታ ምሽት ጀምሮ ከ12,000 በላይ ቀናት አልፈዋል። ደረጃው የተነቃነቀው በስምንቱ ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት ሁሉ መስመሩ ድርቅ ያለ ሜዳ ነው፤ ተዳፋቱ ዜሮ። ግን 23.03 ሰከንድ ወርዷል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ሌቤግ በ1904 ያሳተመው ትልቅ ውጤት ከዚህ ጋር ይዛመዳል፦ ማንኛውም ሞኖቶኒክ መስመር ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ የሚለካ ተዳፋት አለው፤ ችግር ያለባቸው ነጥቦች ቢሰበሰቡ ርዝመታቸው ዜሮ ነው። የሚዘልባቸው ነጥቦችም ሊበዙ አይችሉም። ለምን ቢባል የዝላዮቹ ድምር ከጠቅላላው መውረድ አይበልጥም፤ በ23.03 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ የሆነ እርከን ከ23 በላይ አይገባም። ሰዓቱም ከመቶኛ ሰከንድ በታች ስለማይመዘግብ፣ መዝገቡ ከ2,303 እርከን በላይ ሊይዝ ባልቻለ ነበር። የያዘው ስምንት ነው።

የሌቤግ ውጤት አንድ ነገር አይከለክልም፣ እሱም ጀማሪ ተማሪን ግራ ያጋባል። ጀርመናዊው ካንቶር በ1880ዎቹ አንድም ዝላይ የሌለው፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ ሜዳ የሆነ፣ ሆኖም ከዜሮ ተነስቶ አንድ የሚደርስ መስመር አሳይቷል። «የሰይጣን ደረጃ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። የሯጮቹ ደረጃ የዚያ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱ እርከን ቀንና ከተማ አለው።

ከተሞቹን ደግሞ ማየት ነው። ሄንግሎ፣ ዙሪክ፣ ኦስሎ፣ ብራስልስ፣ ሄልሲንኪ፣ ኦስትራቫ። አንድም የኢትዮጵያ ከተማ የለበትም፣ ሊኖርበትም አይችልም። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየሩ ግፊት፣ ሯጩ የሚስበው ኦክስጅንም፣ ይቀንሳል፤ ይህም ሌላ የማያፈገፍግ መስመር ነው፤ ፓስካል በጠየቀው መሠረት አማቹ ፔሪዬ በ1648 የፈረንሳይን ፑይ ደ ዶም ተራራ ባሮሜትር ይዞ ወጥቶ አረጋግጦታል። የማያፈገፍግ በመሆኑም ወደ ኋላ ሊነበብ ይችላል፤ ግፊቱን ያወቀ ከፍታውን ያውቃል። አሰላ ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ በቆጂ ላይ ከዚያም ያንሳል፤ የበቆጂ ባቄላ ከአዳማው ይልቅ ቆይቶ የሚበስለው ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። በ2,240 ሜትር ላይ በተካሄደው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ በ1968፣ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈው በ29:27.4 ነበር፤ ማሞ ወልዴ በ0.6 ሰከንድ ተቀድሞ ብር ወሰደ፣ ማራቶኑን ደግሞ አሸነፈ። በሳሳ አየር የሠለጠነ ሳንባ ዋጋውን የሚያገኘው ዝቅ ባለ ስፍራ ሲሮጥ ነው። እርከኑ ሄንግሎ ላይ ይቆረጣል፣ ውጣ ውረዱ የተጠራቀመው ግን ጭላሎ ሥር ነው።

የበቆጂ ማለዳ ይህን ያሳያል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን በሜዳው፣ በባሕር ዛፉ መካከልና በዳገቱ ላይ ሲያሠሩ ኖረዋል፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። በ2012 የወጣው «የሯጮች ከተማ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ያሳየው እሳቸውንና ከተማቸውን ነው። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ ከሁለተኛዋ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከዚያው ከበቆጂ አካባቢ የሆነችው ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ የማራቶን ወርቅ ወሰደች። በ2008 ቤይጂንግ ላይ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራቱም ወርቆች የቀነኒሳና የጥሩነሽ ነበሩ፤ ሁለት ሁለት። የደራርቱም የፋጡማም ድሎች በክብረ ወሰኑ ደረጃ ላይ አንድም እርከን አልቆረጡም። መዝገቡ እንደዚህ ነው፤ ማን ከማን ጋር ተሽቀዳደመ፣ በምን ሙቀት፣ በምን ስልት፣ አይጠይቅም። ኃይሌ በሲድኒ 2000 ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት ሩጫ እንኳ፣ 27:18.20፣ ከራሱ ክብረ ወሰን በ55 ሰከንድ የዘገየ ነው።

ኦክቶበር 7 ቀን 2020፣ በወረርሽኙ ዓመት፣ ስፔን ቫሌንሲያ ላይ ቼፕቴጌ 26:11.00 ሮጦ የቀነኒሳን 10,000 ሜትር ወሰደ። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ሜዳ፣ ለተሰንበት ግደይ የሴቶቹን 5,000 ሜትር በ14:06.62 ሮጣ ጥሩነሽ ከጁን 2008 ጀምሮ የያዘችውን 14:11.15 አሻሻለች። ከበቆጂ ሁለት የቆዩ እርከኖች በአንድ ሌሊት አለፉ፤ አንዱ ወደ ኡጋንዳ፣ አንዱ ወደ ትግራይ ልጅ።

ቀነኒሳ ያኔ ወደ ማራቶን ከገባ ቆይቶ ነበር። በ2016 በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጦ አሸነፈ፤ በ2017 ዱባይ ላይ አቋረጠ፤ በ2018 አምስተርዳም ላይ አቋረጠ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 እንደገና በርሊን፣ 2:01:41። የኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን 2:01:39 ነበር። በሁለት ሰከንድ ስለዘገየ መዝገቡ አልተነቃነቀም፤ በዚያ ቀን መስመሩ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ሜዳ ነው። ዕድሜው ከ40 ሲያልፍ ሌላ መዝገብ፣ የአንጋፋዎቹ፣ ተከፈተለት፤ በዲሴምበር 2023 ቫሌንሲያ ላይ 2:04:19 ገባ፣ በኤፕሪል 2024 ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቶ 2:04:15 ጻፈበት።